ጥቆማ፦ የወንጀል ፍትሕ ወይስ የሰብዓዊ መብት ማስተርስ?

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ዲግሪዬ ሕግ ነው። ፍርድ ሳያገኙ ታስረው ስለሚከርሙ ሰዎች ማጥናት እፈልጋለሁ። አንዱ ፕሮግራም «የወንጀል ፍትሕ» ይላል፣ ሌላው «የሰብዓዊ መብት ሕግ»። ለየትኛው ላመልክት?

መልስ፦ እህቴ፣ ስሙን ተይውና አስገዳጅ ኮርሶቹን እዪ። የወንጀል ፍትሕ ማስተርስ ብዙ ጊዜ ያለው ማኅበራዊ ሳይንስ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ጥያቄሽ «ስንት ሰው ታሰረ? ስንት ወር ቆየ? ዋስትና የሚከለከለው ማን ነው?» ይሆናል። ስታቲስቲክስና ቃለ መጠይቅ ትማሪያለሽ። ሰብዓዊ መብቱን፣ ማለትም ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ከገባሽ ግን ያንኑ እስር ይዘሽ የዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 9 ላይ ትቀመጫለሽ። ፍርድ የሚጠብቅን ሰው ማሰር እንደ መደበኛ አሠራር መወሰድ የለበትም ይላል። ተከሳሹ «በምክንያታዊ ጊዜ» ይዳኝ ወይም ይለቀቅም ይላል። ይሄ ጊዜ ስንት ነው ስትባባሉ ሴሚስተሩ ያልቃል!

ሌላ ምሳሌ፦ እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የእስረኞች አያያዝ ደንቦች (የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች)፣ ቁጥር 44። አንድ ሰው በቀን 22 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ትርጉም ያለው የሰው ግንኙነት ካጣ፣ የብቻ እስር ነው። በተከታታይ ከ15 ቀን ካለፈ «የተራዘመ» ይባላል፤ ክልክል ነው። የሕግ ተማሪ እዚህ ጋ «ትርጉም ያለው» ምን ማለት ነው ብሎ ይጨቃጨቃል። የወንጀል ፍትሕ ተማሪ ሰዓቱን የሚመዘግበው ማን ነው ይላል። የትኛው ነው የሚያጓጓሽ?

እኔ ባንቺ ቦታ የደቡብ አፍሪካውን ፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ አስቀድም ነበር። የአፍሪካን የሰብዓዊ መብት ሥርዓት ከልብ የሚያስተምር ነው፤ ሁለተኛውን ሴሚስተር ደግሞ ከአጋር ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ታሳልፊያለሽ። ዓለም አቀፍ ወንጀል ከሆነ የሚስብሽ የኔዘርላንድሱ ላይደን፤ የዓለም አቀፉ ወንጀል ፍርድ ቤት ከተማ ሄግ አፍንጫው ሥር ናት። የስዊዘርላንዱ ጄኔቭ አካዳሚ የጦርነት ሕግ ላይ ያደላል፣ ላንቺ ጉዳይ ትንሽ ይርቃል። የስዊድኑ ሉንድ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ተረጋግቶ ማንበብ ለሚወድ ነው።

ሌላ መልስ፦ በአብዛኛው እስማማለሁ፣ ግን የወንጀል ፍትሕን አናሳንሰው። ሰንጠረዥ ማንበብ የማይችል ጠበቃ ስንቱን አይተናል። ኤልኤልኤም ገብታም ቢሆን አንድ የምርምር ዘዴ ኮርስ ትጨምር። የእንግሊዙ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ መብት ክሊኒክ አለው፤ ተማሪው እውነተኛ ፕሮጀክት ይዞ ይሠራል።

ጥያቄ፦ የራሴ ገንዘብ የለኝም። ስኮላርሺፕስ?

መልስ፦ ለእንግሊዝ የመንግሥቱን ስኮላርሺፕ ቼቭኒንግን ሞክሪ። 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ስትጨርሺ ቢያንስ ሁለት ዓመት አገርሽ መኖር ግዴታ ነው። የሚሸፍነው የአንድ ዓመት ማስተርስ ነው። ከማመልከትሽ በፊት ግን ለፕሮግራሙ አስተባባሪ አጭር ኢሜይል ላኪ፦ በእስር ጉዳይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያማክረው ማን ነው? በሚቀጥለው ዓመትስ ይኖራል? አማካሪሽ ለምርምር ፈቃድ ከወጣ፣ በእስር ጉዳይ ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ሊሰጡሽ ይችላሉ።