ናይትሬቱ አልወርድ አለኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ የዓሣ ገንዳዬ ነገር ጨንቆኛል። 100 ሊትር ይይዛል። ጉፒና ኒዮን ቴትራ የሚባሉ ትናንሽ ዓሣዎች አሉበት፤ ቫሊስኔሪያና አኑቢያስ የሚባሉ የውሃ ተክሎችም ተክያለሁ።

ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያውም ናይትራይቱም፣ ዜሮ ናቸው። እነሱ ተለውጠው የሚሆኑት ናይትሬት ግን በሊትር 80 ሚሊግራም ገብቷል። የመለኪያውን ጠብታ ስጨምርበት የናሙናው ውሃ የቀይ ሥር ጭማቂ ይመስላል። የአኑቢያሱ ቅጠል ጠርዝ ላይ ጥቁር ፂም የመሰለ አልጌ በቅሏል። ጉፒዎቹም እንደ ድሮው አይሯሯጡም፤ ሳያቸው ሆዴ ይባባል።

ምግብ ቀንሻለሁ። ማጣሪያውን በገንዳው ውሃ አጥቤዋለሁ። በየሳምንቱ ግማሹን ውሃ ስቀይር 60 ይደርስና ተመልሶ ይወጣል። ግማሹ ተቀይሮ ለምን ወደ 40 አይወርድም ብዬ የጉድጓድ ውሃችንን ለብቻው ለካሁት። እሱ ራሱ 40 ነው! ለካ ናይትሬቱን በባልዲ የምጨምረው እኔው ነኝ።

አሁን የዝናብ ውሃ ልቀላቅል አስቤያለሁ። ጣሪያችን ግን ቆርቆሮ ነው፤ ዚንኩ ዓሣዎቹን እንዳይጎዳብኝ ፈራሁ። የዝናብ ውሃ ደግሞ ለስላሳ (ማዕድኑ በጣም ጥቂት) ስለሆነ ለጉፒ አይስማማም። ስንት እጅ ብቀላቅል ይሻላል? ወይስ ናይትሬቱን እንዲስብልኝ ፖቶስ የሚባለውን የቤት ተክል ሥር ውሃው ውስጥ ልንከር? አኑቢያስ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ብዙ ናይትሬት አይስብልኝም። የጉድጓድ ውሃ እየተጠቀማችሁ የተሳካላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።