በታሪካዊ ሰፈር ለታቀደ የቢሮ ሕንፃ ተቃውሞ ስናዘጋጅ ሁለት ነገር አስቸግሮናል፤ እርዱን

በጥንታዊ ቤቶች መሀል ባለ 14 ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ሊቆም ነው። «ሰፈሩን ያበላሻል» ማለት ብቻውን እንደማያዋጣ እናውቃለን፤ የቁመትና የጥላ ንጽጽሩን ጨርሰናል።

ያስቸገረን መሠረቱ ነው። ሦስት ወለል ወደ ታች ሲቆፈርና ውሃው በፓምፕ ሲወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ይወርዳል፤ ጥልቅ መሠረት የሌላቸው የድንጋይ ግድግዳዎች እኩል ስለማይሰምጡ ይሰነጠቃሉ። ከቁፋሮው በፊት የእያንዳንዱ ስንጥቅ ስፋት በሚሊሜትር ተለክቶ ፎቶ ካልተነሳ፣ ኋላ «ድሮም ነበረ» ይባላል። ይህ ልኬት የፈቃዱ ቅድመ ሁኔታ እንዲሆን ምን ብለን እንጻፍ?

ሌላው፣ አልሚው ያቀረባቸው ሥዕሎች በሙሉ ከሰማይ የታዩ ናቸው። እግረኛ ከመንገድ፣ ከ1.6 ሜትር ከፍታ የሚያየውን እንዲያሳይ በምን እናስገድደው? ሊቨርፑል በ2021 እ.ኤ.አ. ከዓለም ቅርስ መዝገብ የተሰረዘችው በአዳዲስ ግንባታዎች ሳቢያ ነውና ነገሩ ቀላል አይደለም። አስተያየት መቀበያው ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል።