ዳዊት መድገም ከበደኝ፣ የምታውቁ እርዱኝ

ያደግኩት ዳዊት ሳይደገም ቁርስ በማይቀመስበት ቤት ነው። ቅዳሜ መዝሙር 136 ይደርሳል፤ በባቢሎን የተማረኩት ሰዎች ለቅሶ። ሆድ ያባባል። መጨረሻው ግን የባቢሎንን ሕፃናት በዓለት ላይ የሚፈጠፍጠውን ያመሰግናል። ልጅ ሆኜ እንደ ውኃ እወርደው ነበር። አሁን ልጄን ታቅፌ አፌ እንቢ አለኝ።

የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። «ሕፃናቱ ክፉ ሐሳብ፣ ዓለቱ ክርስቶስ ነው» አሉኝ። ጥሩ። 1ኛ ሳሙኤል 15 ላይ ጡት የሚጠባውም ይገደል የተባለው የአማሌቅ ልጅስ? እሱም ሐሳብ ነው? «አትመራመሪ ልጄ» ብለው ዘጉት። ለእናቴ ካነሳሁትማ ጉድ ይፈላል።

እምነቴን መጣል አልፈልግም፤ ህሊናዬንም እንደዚያው። የብሉይ ትርጓሜ የተማራችሁ፣ መምህራኑ ይህን ትእዛዝ እንዴት ይፈቱታል? እንደኔ ተጨንቃችሁ ከቤተ ክርስቲያን ያልወጣችሁስ፣ ምን ይዟችሁ ቀራችሁ?