ዘውዲ አርአያ፦ ፎቶዋ ይሰቀል ወይስ ይቅር?

አዘጋጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው መከራከሪያ የዘውዲ አርአያ የፊልም ሥራ ነው። ለማያውቃት ባጭሩ፦ በ1951 ኤርትራ፣ ደቀምሓረ ከተማ ተወለደች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ1969 ሚስ ኤርትራ ሆነች። ጣሊያን ሄዳ ሉዊጂ ስካቲኒ የሚባል ዳይሬክተር በ1972 ዋና ተዋናይት አደረጋት። ከዚያ በኋላ ፖስተር ላይ ስሟ ጎልቶ የሚጻፍ ጥቁር ተዋናይት ሆነች። ያኔ ጣሊያን ውስጥ ይህ ብርቅ ነበር። እዚህ ሮም ያለን ሰዎች የሐበሻ ሴቶች የፎቶ ዐውደ ርዕይ እያዘጋጀን ነው። የሷ ፎቶ ይሰቀል? ስድብ አይፈቀድም። ፖለቲካውም በልክ።

የፒያሳ ልጅ፦ ይሄ ደግሞ ምኑ ያከራክራል? ይሰቀላል እንጂ! በ1979 ሰርጂዮ ኮርቡቺ ኔፕልስ ላይ የሠራውን የወንጀል ፊልም ተመልከቱ። ትልቁ የጣሊያን ተዋናይ ማስትሮያኒ አለ፣ ኦርኔላ ሙቲ አለች፣ ሚሼል ፒኮሊ አለ። ዘውዲም አለች። ከኛ አካባቢ ወጥቶ ከማስትሮያኒ ጋር የተወነ ሌላ ሰው ጥሩልኝ።

ከቶሪኖ፦ የፒያሳ ልጅ፣ ፊልሞቹን አይተሃቸዋል ወይስ የተዋናዮቹን ስም ዝርዝር ነው ያነበብከው? በ1972 የወጣውን እንይ። ትዳራቸው የቀዘቀዘባቸው ጣሊያናውያን ባልና ሚስት ሲሸልስ ይሄዳሉ። ባልየው የደሴቷን ልጅ ያይና ልቡ ይጠፋል። ልጅቷ ዘውዲ ናት። ከየት መጣች፣ ምን ትፈልጋለች፣ ነገ ምን ትሆናለች? ፊልሙ ግድ የለውም። የነጩን ሰውዬ መሰላቸት እንድታስረሳ ነው የተጠራችው። ከዚያ ደግሞ በ1974 «ገላ» የሚል ፊልም፣ በ1975 «ኃጢአተኛዋ» የሚል ፊልም። ገና ከርዕሱ ገብቶናል እኮ።

ነገሩ በሷ አልተጀመረም። በ1935 ወታደሮቹን «ፋቼታ ኔራ» እያዘፈኑ ወደኛ ላኳቸው። ጥቁሯን ቆንጆ ነፃ እናወጣሻለን የሚል ዘፈን ነው። በ1937 ደግሞ ጣሊያናዊ ከአፍሪካዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስራት የሚያስቀጣ ሕግ አወጡ። ልጅቷን መመኘት ይቻላል፣ አብሮ መኖር ግን ወንጀል። ኢንድሮ ሞንታኔሊ፣ ያ ትልቁ ጋዜጠኛቸው፣ በጦርነቱ ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ እንደገዛ በ1969 በቴሌቪዥን ቀርቦ እየሳቀ አወራ። አስመራ የተወለደችው ኤልቪራ ባኖቲ ብቻ ናት ተነስታ ያፋጠጠችው። የስካቲኒ ፊልም የወጣው ከዚያ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። እና እኛ ይህን በኩራት ግድግዳ ላይ እንስቀል?

የፒያሳ ልጅ፦ ሞንታኔሊ ያጠፋውን እሷ ትክፈል? ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ከቶሪኖ፦ ትክፈል አላልኩም። አልጨብጭብ ነው ያልኩት።

ደቀምሓረ፦ ከክርክሩ በፊት አንድ ነገር። ዘውዲ ኤርትራዊት ናት። «ሴቶቻችን» ስትሉ ከፎቶው ሥር ይህ በግልጽ ይጻፍ። እኛ ቤት የሷ ስም ሲነሳ እንዴት እንደምንኮራ ብታዩ፣ እናንተም ለመሻማት አትቸኩሉም ነበር።

አዘጋጅ፦ ተቀብለናል። ይጻፋል።

የሮማው ሽማግሌ፦ ልጆቼ፣ እኔ እንኳ የመጣሁት በዚያው በሰባዎቹ ነው። ሮም ውስጥ ጥቁር ሰው ያኔ በጣት የሚቆጠር ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ዞሮ ያይሃል። ታዲያ አንድ ቀን ግድግዳው ላይ የኛኑ መልክ ታያለህ፣ ትልቅ ፖስተር! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወንዶቹ ለብቻችን ስንሆን ደረታችንን እንነፋ ነበር። እህቶቻችን ሲመጡ ግን ወሬውን እንቀይራለን። ምክንያቱም ከፖስተሩ በኋላ መንገድ ላይ የሚለከፉት እነሱ ናቸው። የሰው ቤት ጠርገው ሲመለሱ መኪና አቁሞ ዋጋ የሚጠይቃቸው ነበር። ፊልሙ ብቻውን አመጣው አልልም። አላገዘም ግን።

የፒያሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ ታዲያ እርስዎ አይሰቀል ነው የሚሉት?

የሮማው ሽማግሌ፦ ኧረ እኔስ ይሰቀል ባይ ነኝ! የሮቢንሰኑን ፊልም አይተሃል? ኮሜዲያኑ ፓኦሎ ቪላጆ የሠራበት፣ 1976። ሚላን ውስጥ ልብስ የሚነግድ ቱጃር መርከቡ ሰጥሞ ደሴት ላይ ይቀራል። እሷ ዓርብ የምትባለውን ገጸ ባሕርይ ሆና ትመጣለች፤ በሮቢንሰን ክሩሶ ልብ ወለድ የአገልጋዩ ስም ነው። ሰውዬው ጌታ ነኝ ብሎ ሊያዛት ይሞክራል። እሷ ጉዳይዋም አይደለም። መጨረሻ ላይ የሚሳቅበት ማን ሆነ? እሱ! ከቪላጆ ጋር እኩል ማሳቅ ቀላል እንዳይመስልህ።

ከቶሪኖ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፣ እዚያም ፊልም ላይ ልብሷን የቆጠበባት ማን ነው?

የሮማው ሽማግሌ፦ እሱስ እውነትሽን ነው።

የሞንታዥ ሰው፦ ሥራዬ ፊልም መቁረጥ ስለሆነ በዚያው በኩል ልግባ። ስለ 1973ቱ ፊልም እስካሁን ያነሳ የለም። ዳይሬክተሩ ያው ስካቲኒ ነው። ጣሊያናዊ ጋዜጠኛ ግብፅ ውስጥ ያገኛትን ልጅ ይዞ ፌራራ ይገባል። የትንሽ ከተማ ሰው ዓይን እንዴት እንደሚበላት ፊልሙ ያሳያል። ዘረኝነትን በስሙ ይጠራል። ለዚያ ዘመን ቀላል አይደለም። ችግሩ ካሜራው ነው። የከተማውን ሰው አፍጥጣችሁ አያችኋት ብሎ እየወቀሰ፣ ራሱ ከነሱ ብሶ ያፈጣል። አንድ ሰው ሁለት ፊልም በአንድ ጊዜ የሠራ ነው የሚመስለው።

ገበያውን ደግሞ እዩት። በ1975 «ኢማኑኤላ ኔራ» የሚባለውን ፊልም ኬንያ ላይ ሲሠሩ ዋናዋ «ጥቁር» ሴት ላውራ ጌምሰር ነበረች። የተወለደችው ኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ደሴት ላይ ነው! ቆዳዋ ጠቆር ይበል እንጂ ማንም ትሁን ማን፣ ለነሱ ያው ነበር። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ዘውዲ በስሟ መታወቋ ራሱ ትግል ነው። ከቶሪኖ፣ አንቺ የምትይው ስለ ፊልሞቹ ልክ ነው። ስለ እሷ ግን አይመስለኝም።

ደቀምሓረ፦ እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ኩራት ትላላችሁ፣ ሰለባ ትላላችሁ። ሴትዮዋ የ21 ዓመት ሰው ነበረች። ውል ፈርማለች፣ ሠርታለች፣ ተከፍሏታል። ምርጫው ጠባብ ነበር፣ እሺ። ከጠባቡ መርጣለች። ከዚያ በኋላስ ምን ሠራች? ማንም አላነሳም።

የሞንታዥ ሰው፦ ላነሳ ነበር እኮ። ፍራንኮ ክሪስታልዲን አግብታለች። «አማርኮርድ»ንና «ኑዎቮ ቺኔማ ፓራዲዞ»ን ፕሮዲውስ ያደረገው ሰውዬ ነው፣ ሁለቱም ኦስካር የበሉ። በ1987 ጁሊያኖ ሞንታልዶ በሠራው የቴሌቪዥን ፊልም ላይ ከአሜሪካዊው ተዋናይ ከበርት ላንካስተር ጋር ተውናለች። ሰዎች የኑክሌር መጠለያ ውስጥ ተዘግተው የሚፈተኑበት ነው። ባህር የለ፣ ደሴት የለ። በ1992 ባሏ ሲሞት ወደ ፕሮዲውሰርነት ገባች።

ከቶሪኖ፦ ፕሮዲውሰር የሆነችው ትልቅ ፕሮዲውሰር አግብታ ነው። ይህም ይነገር።

ደቀምሓረ፦ ይነገር! ታዋቂዋ ተዋናይት ክላውዲያ ካርዲናሌም የዚሁ ሰውዬ ባለቤት ነበረች። ቱኒዝ ተወልዳ፣ ጣሊያንኛዋ አይመችም ተብሎ ለዓመታት በሌላ ሴት ድምፅ ስትተውን የኖረች ናት። በገዛ ድምፅዋ የተሰማችው በ1963 በዳይሬክተሩ በፌሊኒ ፊልም ነው። ዐውደ ርዕይ ላይ የሷን ፎቶ ሲሰቅሉ ባሏ ማን ነበር ብሎ የሚያጉረመርም አለ? ለኛዋ ሲሆን ነው ሚዛኑ የሚከብደው።

ከቶሪኖ፦ ይህችኛዋ ነጥብ ያንቺ ናት። ግን አቋሜን አልለቅም። ከተሰቀለ የ1972ቱ ፖስተር አይሁን። ከሥሩም ጣሊያኖቹ የለጠፉባት «ጥቁሯ ቬኑስ» የሚል ነገር እንዳላይ። ካየሁ ራሴ አወርደዋለሁ።

የፒያሳ ልጅ፦ ከማስትሮያኒ ጋር ያለችበትስ?

ከቶሪኖ፦ እሱን ቤትህ ስቀለው።

አዘጋጅ፦ እሺ፣ ፎቶው ይሰቀላል በሚለው የሚበዛው ሰው የተስማማ ይመስላል። የትኛው ፎቶ የሚለው ለነገ ይደር። ደቀምሓረ፣ የግርጌ ጽሑፉን አንቺ ጻፊልን። ሰባት መስመር አይለፍ፣ ቦታ የለንም።

ደቀምሓረ፦ ሰባት? ለፕሮዲውሰርነቷ ብቻ አራት ያስፈልገኛል።