ለኮረብታማና ጠመዝማዛ የጫካ መንገድ የትኛው ስኪ ይሻላል?

የሱሉልታው ሯጭ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ካገራችን አየር ጋር ስለማይሄድ አትሳቁብኝ።

የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ እንጀራዬም ሩጫ ነው። ውድድር ማለቴ አይደለም፤ ለልምምድ የሚመጡ እንግዶችን እንጦጦ ጫካ ውስጥ እየመራሁ አስሮጣለሁ። እህቴ ኦስሎ ትኖራለች። ዘንድሮ ከጥር ጀምሮ ሦስት ወር እሷ ዘንድ ልከርም ነው፣ ቪዛውም ወጥቷል። ቤታቸው ኖርድማርካ ከሚባለው ትልቅ ጫካ አጠገብ ነው። ባለቤቷ የላከልኝን ቪዲዮ ሳይ መንገዱ ቁርጥ እንጦጦን ነው የሚመስለው፦ ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ በዛፍ መሃል የሚጥመዘመዝ ቀጭን መንገድ። ነጭ መሆኑ ብቻ ነው የሚለየው።

እህቴ "አሁን ቅናሽ አለ፣ ስኪ ልግዛልህ" ትላለች። ባሏ ደግሞ "ሯጭ አይደል? ቀላልና ፈጣኑን የውድድር ስኪ ግዢለት" ብሏል። እውነት ለመናገር የኔም ልብ ወደዚያው ነው፤ ቀላል ጫማ የለመደ እግር ከባድ ነገር አይወድም። ግን በመኪና በተደለደለው ሰፊ መንገድ መመላለስ አይደለም የምፈልገው፣ ጫካው ውስጥ መግባት ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ72፣ ክብደቴ 58 ኪሎ፣ ጫማዬ 42። ስፋቱስ? ርዝመቱስ? የብረት ጠርዝ ያለው ይሁን ወይስ የሌለው? ምን ልበላት? በረዶ ላይ ቆሜ አላውቅም።


አያት ጨፌ

እኛ ሰፈር በረዶ የምናውቀው ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው 😂

ግን "ካገራችን አየር ጋር አይሄድም" አትበል። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ላይ በዚሁ በክሮስ ካንትሪ ስኪ (ሜዳውንም ዳገቱንም በራስ ጉልበት በሚኬድበት) ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል። ስለ ዕቃው የማውቀው የለም፤ የሚያውቁት ይምጡ።


ጡረተኛው ከለገጣፎ

ወንድሜ፣ አማችህን አትስማው።

እኔ ኦስሎ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ነው ለገጣፎ የገባሁት። ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ ክረምት በመጣ ቁጥር ኖርድማርካ ነበርኩ። የእንጦጦንም ጫካ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ከእንጦጦ ማርያም ወዲያ ወደናንተ የሚወርዱትን የእንጨት ለቃሚዎች መንገዶች ሳይቀር።

አንተን ዳገት አያሳስብህም። የምትኖረው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። የኦስሎ ሰው በባቡር ወጥቶ ስኪውን የሚያስርበት ፍሮግነርሴተርን ጣቢያ 500 ሜትር እንኳ አይሞላም። ትንፋሽህ ይተርፍሃል። ጉዳዩ ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ሯጭ ቁልቁለት ሲያስፈራው እርምጃውን ያሳጥራል፣ ተረከዙን ይተክላል፣ ይቆማል። እዚያ ግን ተረከዝህ ከስኪው ጋር አልታሰረም፣ የምትተክለውም ነገር የለም። መንገዱ ጠባብ፣ ከፊትህ ዛፍ፣ ከዛፉ ወዲያ ደግሞ ኩርባ። ስለዚህ ስኪህን ለቁልቁለቱ ብለህ ምረጥ። ዳገቱን እንደምንም ትወጣዋለህ።

የውድድር ስኪ ስፋቱ 44 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከፊት እስከ ኋላ ቀጥ ያለ፣ የብረት ጠርዝ የሌለው። የተሠራው ማሽን በቀደደለት ቦይ ውስጥ እንዲንሸራተት ነው። ያንን ይዞ ጫካ መግባት የባቡር ጎማ ገጥሞ ኮረኮንች ላይ እንደመንዳት ነው። ላንተ የሚያስፈልግህ ወገብ ያለው ስኪ ነው፦ ፊቱ ሰፋ፣ መሃሉ ጠበብ፣ ኋላው መልሶ ሰፋ ያለ። እንዲህ ያለው በጎኑ ሲጋደል ራሱ ወደ ኩርባው ይሄዳል። (ይህን ቅርጽ በማስፋፋት ስሙ የሚነሳው ሶንድሬ ኖርሃይም የሚባል የቴሌማርክ ሰው ነው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን። ኖርዌጂያን ቡና ላይ ካገኘህ ይህን ስም አንሳና ዝም በል፤ ቀሪውን እነሱ ይጨርሱታል።) መሃሉ 60 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ፊቱ 80 ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ሰፊው ጥልቅ በረዶ ላለበት ተራራ ነው።

ርዝመቱን ከ180 እስከ 185 ሳንቲሜትር አድርገው። ረጅም ስኪ ቀጥታ መንገድ ላይ ይሸመጥጣል፣ ኩርባ ላይ ግን ከዛፍ ጋር ያጣላሃል። የብረት ጠርዝ ያለው ይሁን። ኦስሎ ክረምቱን ሙሉ ለስላሳ በረዶ አይደለም፤ ቀን ይቀልጣል፣ ሌሊት ይረጋል፣ ጠዋት መንገዱ መስታወት ሆኖ ታገኘዋለህ። ያኔ የሚነክስልህ ብረቱ ብቻ ነው። ክብደት ይጨምራል፣ አዎ። ቻለው።

አሁን ሰው ሁሉ የሚዘለውን ልንገርህ፦ ጫማው ከስኪው ይበልጣል። ስኪውን የምታዞረው በቁርጭምጭሚትህ ነው፤ ጫማው ከላላ እግርህ ይዞራል፣ ስኪው ባለበት ይቀራል። መደብር ውስጥ የጫማውን ጫፍና ተረከዝ ይዘህ እንደ መጭመቅ አድርገህ ጠምዝዘው። በቀላሉ ከተጠመዘዘልህ መልሰህ አስቀምጠው። ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ይሁን።

ጫማና ማሰሪያው አንድ ዓይነት ካልሆኑ አይገጥሙም። ተራው የትራክ ማሰሪያ "ኤንኤንኤን" ይባላል። ለጫካና ለተራራ የሚሆነው "ኤንኤንኤን ቢሲ" ነው፤ ጫማው አፍንጫ ሥር ያለው ዘንግ ወፈር ያለ ስለሆነ የአንዱ ጫማ ለሌላው አይሆንም። ባለ ሦስት ፒኑ 75 ሚሊሜትር የድሮው ነው፤ ሮተፌላ የሚባለው ኩባንያ ከ1927 ጀምሮ የሚታወቅበት፣ ዛሬም የሚወዱት ሽማግሌዎች አሉ (አንዱ እኔ)። ከ2021 ወዲህ ደግሞ "ኤክስፕሎር" የሚባል መጥቷል፤ ጥሩ ነው፣ ግን ዋጋው ይከብዳል። ላንተ ኤንኤንኤን ቢሲ ይበቃሃል፣ ያገለገለውም በብዛት ይገኛል።

እህትህን ግን አሁን ምንም እንዳትገዛ ንገራት። ስኪ የሚመረጠው በክብደት ነው። መሃሉ ወደ ላይ ቅስት አለው፤ ስትረግጠው መሃሉ ወርዶ በረዶውን ይይዝና ወደፊት ያስፈነጥርሃል። 58 ኪሎ ቀላል ሰው ነህ። ሻጩ ቁመትህን ብቻ አይቶ ጠንካራ ከሰጠህ መሃሉ መሬት አይነካልህም፣ ዳገት ላይም ወደ ኋላ ትንሸራተታለህ። መደብሩ ወለል ላይ ስኪዎቹን አስቀምጥና በሁለቱም እኩል ቁም፤ አንድ ሰው ከእግርህ ሥር ወረቀት ያስገባ። ወረቀቱ ወዲያና ወዲህ መሄድ አለበት። ከዚያ ክብደትህን በሙሉ በአንዱ እግር ላይ ጣል፤ አሁን ወረቀቱ መያዝ አለበት። ካልተያዘ ስኪው ያንተ አይደለም። ይህን ደግሞ እህትህ ባንተ ፈንታ ልትቆምልህ አትችልም።


ሰላም ከኦስሎ

ጋሼ ያሉት በሙሉ ልክ ነው፣ ስፋቱ ላይ ግን አልስማማም። ጫካው ውስጥ ያለው ቀጭን መንገድ ከበር ላይ አይጀምርም። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ በተደለደለው ትራክ ጥሩ ርቀት ተሂዶ ነው የሚታጠፈው። ፊቱ 80 የሆነ ስኪ ቦዩ ውስጥ አይገባም፤ ዳርና ዳሩን እየፈተገ ሰውን ያደክማል። የሰፊው ጫፍ ከ70 ሚሊሜትር በታች ይሁን፣ መሃሉ 55 አካባቢ። ብረት ጠርዙ ይኑረው፣ ወገቡም ይኑረው። ሁለቱም ቦታ ይሠራል።

ወንድሜ፣ ሌላም ነገር አልተነሳም፦ የስኪው ሆድ። ዳገት ላይ እንዳትንሸራተት ወይ ሰም ትቀባለህ፣ ወይ ከእግርህ ሥር አጭር የፀጉር ንጣፍ የተለጠፈበትን ትይዛለህ፣ ወይ ደግሞ ሆዱ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተቀረጸበትን። ሰሙን ተወው። እንደ ሙቀቱ መለዋወጥ አለበት፣ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ደግሞ የለመደውንም ያስለቅሳል፤ ኦስሎ ደግሞ ዜሮ አካባቢ መዋል ትወዳለች። ንጣፉ በደንብ ይንሸራተታል፣ በረጋ በረዶ ላይም ይይዛል፤ ግን እርጥብ አዲስ በረዶ ሲጥል ሥሩ ሊረጋበት ይችላል፣ እንክብካቤም ይፈልጋል። ቅርፊት ያለው ትንሽ ይዘገያል፣ ቁልቁል ሲወርድም ይጮኻል፣ ግን ምንም አይጠይቅህም። ለሦስት ወር እሱን ውሰድ። መዘግየቱም ላንተ አይከፋም።

ስትመጣ ገንዘብ ሳታወጣ "ቡአ" የሚባለውን ጠይቅ፤ የስፖርት ዕቃ በነፃ የሚያውሱ ናቸው፣ ለማንም። ያገኘኸውን ወስደህ መቆምና መውደቅ ተለማመድበት፣ ከዚያ የራስህን ፈልግ። ያገለገለ ዕቃ ፊን የሚባለው የመሸጫ ድረ ገጽ ላይ ሞልቷል። ጫካው ውስጥ ዛፍ ላይ ቀይ ምልክት ያለው የስኪ መንገድ ነው፣ ሰማያዊው የበጋ የእግር መንገድ ነው። አንተ የነገርከን ዓይነት ቀጫጭኑ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊው ነው፤ ሥርና ድንጋይ ስላለበት በረዶው ሳይወፍር አትግባበት። የግንባር መብራትም ያዝ። እዚህ በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በፊት ትጠልቃለች፣ በጥርም ብዙ አትቆይም።


የሱሉልታው ሯጭ

ጋሼ፣ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የውድድሩ ስኪ ቀርቷል፤ እህቴንም "ጠብቂኝ" ብያታለሁ። አማቼ ትንሽ አኩርፏል።

እስከዚያ እዚህ የምለማመደው ነገር ይኖር ይሆን? አብሮኝ የሚሮጥ ጓደኛዬ ባለ ጎማ ስኪ የሚያውሰው ሰው አለ፤ ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ በአስፋልቱ እንውረድበት እያለኝ ነው። እርስዎ ምን ይላሉ ጋሼ?


ጡረተኛው ከለገጣፎ

በዚያ አስፋልት? ሲኖትራክና ቅጥቅጥ በሚሽቀዳደሙበት? ባለ ጎማው ስኪ አብዛኛው ፍሬን የለውም ልጄ። ከፈለግህ ጠፍጣፋ መንገድ ላይ፣ ማለዳ፣ መኪና በሌለበት። ቁልቁል በፍጹም።

ይልቅ እንጦጦ ስትወርድ አወራረድህን ቀይር። ጉልበትህን እጠፍ፣ እጆችህን ከፊትህ አውጣ፣ ወደ ኋላ አትደገፍ። የባሕር ዛፍ ቅጠል የተነጠፈበት ቦታ እግርህ ሲንሸራተት የሚመጣብህ ስሜት ለዚያኛው ጥሩ መግቢያ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ እግርህን በጣም ከፍተህ፣ የእግር ጣቶችህን ወደ ውስጥ አዙረህ ዝቅ ብለህ ቆይ። ስኪ ላይ ፍሬን የሚያዘው እንዲህ ነው፤ የጭንህ ውስጠኛ ጡንቻ ሲቃጠል ታውቀዋለህ፣ ሯጭ እዚያ ጋ ደካማ ነው። ጠባብ መንገድ ላይ ሁለቱንም እግር መክፈቻ ቦታ ስለማይኖር አንዱን ስኪ ቀጥ አድርገህ በሌላው ብቻ ትይዛለህ። ከፈጠነብህ ወደ ጎን ቁጭ በል፤ ዛፍ ከመምታት ቂጥ መምታት ይሻላል። ቁልቁለቱ በጣም ቀጥ ያለ ከሆነ ደግሞ ስኪውን አውልቀህ ዳር ዳሩን በእግርህ ውረድ፣ መሃሉን በጫማ አትቦርቡረው። ማንም አይስቅብህም፤ እኔ ሳደርገው ኖሬያለሁ።

ስለ ስፋቱ፦ የኦስሎዋ ልጅ ያለችው ከትራክ ለሚነሳ ሰው ይሠራል። ከቤቱ በቀጥታ ጫካ ለሚገባ ግን በ80ዬ እጸናለሁ። እህትህ የትኛው ጣቢያ አጠገብ ናት?


የሱሉልታው ሯጭ

ሶግንስቫን ትላለች። ሐይቁ አጠገብ፣ ባቡሩ የሚያልቅበት።


ሰላም ከኦስሎ

በቃ! ከዚያ ስትወጣ መጀመሪያ የምታገኘው የተደለደለውን ነው። ጋሼ፣ ምን ይላሉ?


ጡረተኛው ከለገጣፎ

ከሶግንስቫን ከሆነ ጠበብ ያለውን ይውሰድ። ጫማው ላይ ግን አንዲት ክሮነር እንዳይቆጥብ።


የሱሉልታው ሯጭ

እሺ ጋሼ። ጫማውን 42 ነው 43 የምሞክረው?


ሰላም ከኦስሎ

ሁለቱንም፣ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አድርገህ። ጣትህ ፊቱን እንዳይነካ፣ ተረከዝህም እንዳይነሳ። መደብሩ ወደ ማታ ሂድ፣ እግር አብጦ በሚውልበት ሰዓት። ካልሲውን ከዚያ እንዳታመጣ፣ እዚህ እሰጥሃለሁ።