«ዳውንስ» ኮረብታ ነው ቁልቁለት? ለጉዞ ወረቀት እርዱኝ

ጠያቂ፦ የለንደን እንግዳ

ሰላም ለሁላችሁ። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ሐምሌ ላይ የእግር ጉዞ አላቸው፤ ቦታው ደቡብ እንግሊዝ ያለው ሳውዝ ዳውንስ ነው። ለወላጆች የሚበተነው የአማርኛ ወረቀት እኔ ላይ ወደቀ። ገና ከስሙ ተጣበቅኩ። «ዳውን» እስከማውቀው ታች ነው። የእንግሊዝኛው ወረቀት ግን «አፕ ኦን ዘ ዳውንስ» ይላል። ታች ላይ ወጥተን? ጓደኛዬ «የደቡብ ቁልቁለቶች በይው» አለችኝ፣ አልተዋጠልኝም። «ሮሊንግ ሂልስ» የሚልም አለ። «የሚንከባለሉ ኮረብታዎች» ብዬ ጻፍኩና ራሴው ሳቅኩ። ምን ልበል?

ቶሎ መላሽ

ዝቅ ያለ ሜዳ ማለት ነው። «የደቡብ ሜዳዎች» በይና ገላገል በይ።

የብራይተን ጎረቤት

ኧረ ወንድሜ፣ ሜዳ ከተባለማ ወላጆች ልጆቻቸውን በነጠላ ጫማ ነው የሚልኩት!

እህቴ፣ ዳውንስ ኮረብታ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ዱን» ኮረብታ ማለት ነበር። ታች ማለት የሆነው «ዳውን» ራሱ የወጣው ከዚሁ ነው፤ «ከኮረብታው» ወይም «ከኮረብታው ወደዚህ» ይሉ የነበረው እያጠረ እያጠረ መጥቶ «ወደ ታች» ሆኖ ቀረ። ስለዚህ «አፕ ኦን ዘ ዳውንስ» ሲሉ ግራ የገባቸው እንዳይመስልሽ፤ «ኮረብታው ላይ ወጥተን» ነው የሚሉት። ስትናገሪም «ኦን» በይ፣ «ኢን» አትበይ። እንደ አገር ገጽታ ሲነሳ ደግሞ መጨረሻው ላይ «ስ» አይቀርም።

ግን ማንኛውም ኮረብታ ዳውንስ አይባልም። የደቡብ እንግሊዙ ዳውንስ ከሥሩ ነጭ ጠመኔ ነው፤ ያው ሰሌዳ ላይ የምንጽፍበት ዓይነት፣ ከጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ቅሪት የተሠራ ድንጋይ። ከላዩ ስስ አፈርና በጎች የጋጡት አጭር ሣር አለ። የእግር መንገዱ ሣሩ በተላጠበት ሁሉ ነጭ ሆኖ ይታያል። ዝናቡ ጠመኔው ውስጥ ስለሚሰርግ ከላይ ወንዝ አታገኚም። ኮረብታው ባሕር ጋ ሲደርስ ደግሞ እንደ ዳቦ ተቆርጦ ነጭ ገደል ይሆናል። ሰቨን ሲስተርስ የሚባሉት እነዚያ ናቸው። የዶቨር ነጭ ገደሎችም የኖርዝ ዳውንስ መጨረሻ ናቸው።

መዝገበ ቃላት ወዳጅ

ጎረቤት ያለው ልክ ነው። ትንሽ ልጨምር። አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ ዳርሊንግ ዳውንስ የሚባል ሰፊ የእርሻ አገር አለ። እዚያ አፈሩ ጥቁር ነው፤ ከእንግሊዝ የመጡት ሰፋሪዎች ስሙን ይዘውት ሄዱ እንጂ ጠመኔውን አልወሰዱም። እ.ኤ.አ. በ1780 የተጀመረው ታዋቂው የደርቢ የፈረስ እሽቅድምድም የሚካሄደው ግን እዚሁ ለንደን አጠገብ፣ ኤፕሰም ዳውንስ ላይ ነው። ሰሜን አየርላንድ ያለው ካውንቲ ዳውን ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ ከአይሪሽ ቋንቋ የመጣ ሆኖ ምሽግ ማለት ነው።

የለንደን እንግዳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «አምባ» ብለውስ? ወይስ «ጋራ ሸንተረር»?

መዝገበ ቃላት ወዳጅ

አምባ አይሆንም። አምባ ሲባል አናቱ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ነው በሰው ዓይን የሚመጣው። ዳውንስ ክብ ክብ ያለ ትከሻ ነው ያለው። «ጋራ ሸንተረር» ይሻላል፤ ግን ዘፈን ዘፈን ይሸታል፣ ለማስታወቂያ ወረቀት ይከብዳል። ስሙን «ሳውዝ ዳውንስ» ብለሽ እንዳለ ተይው። የባቡር ጣቢያ ሰሌዳ ላይም፣ ካርታ ላይም የሚያገኙት እሱን ነው። ከዚያ በአንድ ዐረፍተ ነገር አብራሪው።

«ሮሊንግ ሂልስ» ግን የቦታ ስም አይደለም፤ መግለጫ ነው። የጣሊያኑን ቱስካኒንም፣ የእንግሊዙን ኮትስወልድስንም እንደዚያ ይሏቸዋል። መሬቱ በቀስታ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ኮረብታው ኮረብታን እየተካ ሲሄድ ማለት ነው። «ወጣ ገባ» እንዳትይ፤ እሱ የተቆራረጠ፣ ድንጋያማ መሬት ያስመስለዋል። «ከፍ ዝቅ እያለ የሚሄድ ኮረብታማ አገር» ይበቃል።

ቶሎ መላሽ

እሺ፣ ተሸነፍኩ። ግን ቁመቱስ? ኮረብታ ነው ተራራ?

የብራይተን ጎረቤት

ብራይተን አጠገብ ያለው ዲችሊንግ ቢከን 248 ሜትር ነው። እንጦጦን ለለመደ ሰው ተራራ አይባልም። ዳገቱ ግን ዳገት ነው፣ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ከማይል መሬት ነው የሚጀምረው።

ወረቀቱ ላይ እነዚህን ሳትጽፊ እንዳትበትኚው። ውኃ ከቤት ይዘው ይምጡ፤ ላዩ ላይ ምንጭ የለም። ዛፍ ጥቂት ስለሆነ ጥላ አይገኝም፣ ነፋሱ ደግሞ በሐምሌም ጃኬት ያስፈልገዋል። እርጥብ ጠመኔ እንደ ሳሙና ያዳልጣል፣ ሶሉ የሚይዝ ጫማ ያድርጉ። የበጎች አጥር በር ከፍተው ካለፉ መልሰው ይዝጉ። ወደ ሰቨን ሲስተርስ የምትሄዱ ከሆነ ይህን በቀይ ጻፊው፦ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሞ ፎቶ የለም። ጠመኔው ሳያስጠነቅቅ ነው የሚናደው። ከሥሩ መቀመጥም አይቻልም።

የለንደን እንግዳ

ይህን ጻፍኩ፦ «ሳውዝ ዳውንስ በደቡብ እንግሊዝ የሚገኝ፣ ከፍ ዝቅ እያለ የሚሄድ በሣር የተሸፈነ ኮረብታማ አገር ነው። መንገዱ ዳገትም ቁልቁለትም አለው።» መጀመሪያ የምንቆመው ዴቭልስ ዳይክ የሚባል ሸለቆ ጋ ነው። ይሄንንስ ልተርጉመው? «የዲያብሎስ ቦይ» ብዬ ለቄሱ ልስጣቸው?

መዝገበ ቃላት ወዳጅ

😂 ስሙን ተይው፣ ታሪኩን ንገሪያቸው። እንደ አፈ ታሪኩ ዲያብሎስ በዚያ አካባቢ ቤተ ክርስቲያን መብዛቱ አናድዶት፣ ባሕሩን አስገብቶ ሊያሰጥማቸው ሌሊት ቦይ መቆፈር ጀመረ። አንዲት አሮጊት ሻማ አበራች፣ ዶሮ ጮኸ፣ የነጋ መስሎት ጥሎ ሸሸ። ቄሱ ይህን ከሰሙ ወረቀቱን ራሳቸው ይበትኑልሻል።

እናት ነኝ

እኔም ልጄን ልሸኝ ፈልጌ ነበር፤ ጉልበቴ ግን ዳገት አይችልም።

የብራይተን ጎረቤት

እማማ፣ ከብራይተን 77 ቁጥር አውቶቡስ እስከ ዴቭልስ ዳይክ አናት ይወስድዎታል። ላይ መጠጥ ቤት አለ፣ ሻይም ይሸጣል፤ ከዚያ ሆነው ሸለቆውን ማየት ይችላሉ። የመመለሻውን ሰዓት ግን አስቀድመው ይጠይቁ፤ እንደየወቅቱ ይለያያል።