የተመላሽ ወታደሮች ቀረጻ፦ በጋራ የምናቀርበው ረቂቅ

ጸሐፊዋ (ደሴ)፦ ጤና ይስጥልን። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ የጀመርነውን ሐሳብ ወደ ወረቀት አውርጄዋለሁ። ረቂቁ «ማኅበራችን ወታደሮች ከጦርነት ሲመለሱ የተነሡ ፊልሞችንና ፎቶግራፎችን ከደሴና ከኮምቦልቻ ቤቶች ያሰባስባል» ይላል። መነሻችን ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ ቃኘው ሻለቃ፣ ቢሆን ደስ ይለኛል። ኮሪያ ላይ የአሜሪካ ጦር ካሜራ ባለሙያዎች ቀርጸዋቸዋል፤ ሥራቸው ሜሪላንድ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። የጎደለ ካለ ጨምሩበት።

ጋሼ (ጡረተኛው የጦር ካሜራ ባለሙያ)፦ ልጄ፣ የምትፈልጊውን ፊልም ከየቤቱ አታገኚውም። ካሜራችን እንደ ሰዓት በሞላ የሚሠራ ነበር። አንዱ ጥቅል 100 ጫማ ነው፤ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በዚያች ውስጥ ባንዲራው፣ ሰልፉና የአዛዡ ሰላምታ መግባት አለባቸው። ወታደሩ ከመኪና ከወረደ በኋላ ያለው የእኛ ሥራ አልነበረም።

አንድ ጊዜ ብቻ አጠፋሁ። በ1970 ከካራማራ ድል በኋላ ፈቃድ ያገኘ አንድ አሥር አለቃ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት አብረን ወጣንና እስከ ሰፈሩ ተከተልኩት። እናቱ ደጃፍ ላይ ቡና ይወቅጣሉ። ቀና ብለው አዩትና «ማንን ፈልገህ ነው፣ የኔ ልጅ?» አሉት። ካሜራዬ እየሠራ ነው፤ ዘነዘናው ሙቀጫው ውስጥ ቆሞ ይታያል። ወዲያው ሞላው አለቀ። እንደገና ልሞላው ብል እጄ እምቢ አለኝ። አለቆቼ ጥቅሉን «አይጠቅምም» ብለው መለሱልኝ፤ ዛሬም ቁም ሳጥኔ ላይ አለ።

የታሪክ መምህሩ፦ እንዲህ ከሆነ ረቂቁ ከሥሩ ይለወጥ። የኮሪያው ፊልም ጦር ሜዳውን እንጂ የደሴን ደጃፍ አያሳየንም። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተንማ ካሜራ የያዘውም አብሮ ተበተነ፤ በዚህ መንገድ በእግሩ ያለፈውን ማን ቀረጸው? ፊልም ፍለጋውን ሁለተኛ እናድርገውና በር የከፈቱትን ሰዎች ድምፅ እንቅዳ። ከእናቶቹ ብዙዎቹ የሉም፤ እኅቶችና ልጆች ግን አሉ።

ሒሳብ ያዡ (ኮምቦልቻ)፦ ድምፅ መቅጃ አለን። ፊልም ወደ ዲጂታል ማስገልበጥ ግን ውድ ነው፤ በጀቱ ውስጥ የጋሼን ጥቅል ብቻ አስገባለሁ። «የየትኛው ወገን ወታደር?» የሚል ጭቅጭቅ እንደማይቀርልን ደግሞ ከወዲሁ ይታሰብበት። ማስቀመጫ ከተፈለገ መጋዘኔ ባዶ ነው።

የፎቶ ቤቷ ባለቤት (ፒያሳ)፦ ጋሼ፣ የፊልሙ ቆርቆሮ ሲከፈት ምን ይሸታል?

ጋሼ፦ ኮምጣጤ።

የፎቶ ቤቷ ባለቤት፦ እንግዲያው መበላሸት ጀምሯል። በማሳያ ማሽን እንዳይሞክሩት፤ ተኮማትሮ ከሆነ ይቀደዳል። ከሌላ ፊልም ጋርም አይቀመጥ፤ ትነቱ ጤነኛውን ያበላሻል። ሙቀት ስለሚያፋጥነው ኮምቦልቻ አይወርድም። ወንድሜ አትቀየመኝ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ የደሴ ብርድ ይጥቀመን።

ሒሳብ ያዡ፦ ተቀይሜያለሁ፤ ግን እስማማለሁ።

ጸሐፊዋ፦ እንዲህ አሻሽዬዋለሁ፦ «ማኅበሩ በየትኛውም ጦርነት፣ በየትኛውም ወገን የተሰለፈ ወታደር ቤቱ የገባበትን ቀን ከተቀበሉት ሰዎች አንደበት ይቀዳል። የሚገኝ ፊልምና ፎቶግራፍ ከቃሉ ጋር ይያያዛል። ቤተሰብ ያልፈቀደው ለሕዝብ አይቀርብም።» የአሥር አለቃውን ቤተሰብ መጠየቁም የመጀመሪያው ሥራ ይሁን። ቅዳሜ ከሰዓት ፎቶ ቤቱ እንገናኝ። ጋሼ፣ ጥቅሉን ፀሐይ ሳያገኘው ያምጡልን፤ አይክፈቱት።

ጋሼ፦ አልከፍተውም። ሙቀጫው በግራ በኩል ነው፤ ስታዩት እንዳያመልጣችሁ።